የጎጃም ከተሞች የራግቢ ክለቦች ውድድር፤ ከየት ይጀመር?

ዳሞት

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ ላይ አንዳንድ የራግቢ ክለብ አቋቁሞ እርስ በርስ ለማወዳደር የደንብ ረቂቅ በመጻፍ ላይ ነን። ዛሬ ያለው ወጣት የሚጫወተው ታግ ነው፤ ማለትም ወገብ ላይ የተሰካ ጨርቅ በመንጠቅ። ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ሰው ጠምጥሞ መጣል፣ ያለበትን ጨዋታ ገና አልጀመረም። መድረሻችን አገር አቀፍ የክለቦች ሊግ ነው።

ረቂቁ ላይ የተቀመጡት ሰዎች በሁለት ሐሳብ ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ራግቢ ማለት አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ነውና ከመጀመሪያው በደርሶ መልስ ይሁን፣ ዋንጫም ይገዛ ይላል። ሁለተኛው በሰባት ለሰባት ጀምረን ቀስ እያልን እንደግ ባይ ነው። ነጥብ አሰጣጡም አልተቆረጠም፤ የቦነስ ነጥብ ይኑር አይኑር? ያለን ሜዳ የእግር ኳስ ነው፤ በእሱ ላይ መሥራት ይቻላል ወይ? አንድ ክለብ ስንት ተጫዋች ያስመዝግብ? ዳኛስ ስንት ይበቃናል? የጨዋታውን ሕግ መሠረት እናውቃለን፤ የቸገረን የውድድሩ አሠራር ነው።

ዘንገና

ወንድሜ ዳሞት፣ ዋንጫውን ለጊዜው ተዉትና ከመኪናው ጀምሩ። ስድስቱ ከተሞች ባንድ አስፋልት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል፤ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስድስት ክለብ በደርሶ መልስ ሲጋጠም 30 ጨዋታ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ክለብ አምስት ጉዞ ይደርሰዋል። በአሥራ አምስቱ ጨዋታ የአንድ ቀን ስብስብ 23 ተጫዋች ነው፤ አሰልጣኝና የሕክምና ሰው ሲጨመር ቅጥቅጥ አውቶቡስ ኮንትራት መያዝ ግድ ይላል። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ በዚያው ቀን መመለስ ስለማይሆን አልጋና እራትም ይጨመርበታል። አዲስ ውድድርን የሚገድለው ፎርፌ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ የመኪና ያጣል፣ በአራተኛው ሌላው ይከተለዋል፣ ከዚያ ወዲያ ሰንጠረዡ የተጫወተውን ካልተጫወተው ያደባለቀ፣ ማንም የማያምነው ወረቀት ይሆናል።

እንግሊዞችን ይኸው ነገር ገጥሟቸዋል። የራግቢ ማኅበራቸው በ1871 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ አገር አቀፍ ሊግ የጀመሩት ግን በ1987 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ክለቦች በየራሳቸው ቀጠሮ ሲጋጠሙ ኖረዋል። ሊግ ገንዘብን ይጠራል የሚል ሥጋት ነበረባቸው፤ በ1895 የሰሜን ክለቦች ተጫዋች ከሥራ ለቀረበት ቀን ካሳ ይከፈለው በሚል ጠብ ተገንጥለው ወጥተዋልና። በ1987 ሊጉ ሲጀመር ከፍተኛው ዲቪዚዮን 12 ክለብ ነበረው፤ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው 11 ጨዋታ። ቀኑን ግን ክለቦቹ ተነጋግረው እንዲቆርጡ ተተወላቸው። ሻምፒዮኑ ሌስተር 10 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ፣ 9 አሸንፎ፣ 1 ተሸንፎ፣ በ37 ነጥብ ጨረሰ። ተከታዩ ዋስፕስ 11ዱንም ተጫውቶ 36 ነጥብ ነበረው። አንዲት ያልተደረገች ጨዋታ የሻምፒዮናውን ሒሳብ እንዴት እንዳወላገደች አየህ?

ግን በዚያው ዓመት የነጥብ አሰጣጥ ውስጥ ለእናንተ የሚሆን ነገር አለ። ማሸነፍ 4፣ አቻ 2፣ ተጫውቶ መሸነፍ 1 ነበር። የሰባት ለሰባት ዓለም አቀፍ ውድድሮችም በምድብ ጨዋታ ላሸነፈ 3፣ አቻ ለወጣ 2፣ ለተሸነፈ 1፣ ላልተገኘ 0 ሲሰጡ ኖረዋል። ሽንፈት እየደረሰበትም በየሳምንቱ የሚመጣውን ክለብ አንዷ ነጥብ ታቆየዋለች። እናንተም 3፣ 2፣ 1፣ 0 አድርጉት። አሁን በአሥራ አምስቱ ጨዋታ የተለመደው 4 ለአሸናፊ፣ 2 ለአቻ፣ አራትና ከዚያ በላይ ትራይ (ኳሷን ከጎል መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት) ላስቆጠረ 1 ቦነስ፣ በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ለተሸነፈ 1 ቦነስ የሚለው ነው። እሱ የተሰላው ለ80 ደቂቃ ነው። ትራይ 5፣ ኮንቨርሽን (ከትራይ በኋላ ወደ ጎሉ የሚመታው ምት) 2 ስለሆነ 7 ማለት የአንድ ጊዜ ማስቆጠር ነው፤ ከታች በማቀርብላችሁ የ20 ደቂቃ ጨዋታ ብዙ ግጥሚያ በዚያ ልዩነት ሊያልቅ ስለሚችል ቦነሱ ትርጉሙን ያጣል። አራት ትራይም በ20 ደቂቃ የሚገኘው ባብዛኛው ጨዋታው ሚዛኑን ሲስት ነው። ቦነሱን ለወደፊት አቆዩት።

ቅርጹን እንዲህ ባደርገው እላለሁ። የሰሜን ምድብ ባሕር ዳር፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፤ የደቡብ ምድብ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ። የምድቡ ሦስት ክለቦች ባንድ ቀን ባንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ ሦስት ጨዋታ ይደረጋል። ሜዳው በየተራ ይዞራል። በሦስት የውድድር ቀን ሁሉም ከምድቡ ተጋጣሚዎች ጋር ሦስት ሦስት ጊዜ ይጫወታል፤ የሚጓዘው ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ስድስቱም መሐል ላይ፣ ቡሬ ወይም እንጅባራ፣ ተሰብስበው አንደኛ ካንደኛ፣ ሁለተኛ ከሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከሦስተኛ ይለይላቸዋል። በጠቅላላው 21 ጨዋታ፣ ለአንድ ክለብ 7 ጨዋታ፣ ቢበዛ ሦስት ጉዞ።

የተጫዋቹ ቁጥር አሥር ለአሥር ይሁን። ሁለት ግማሽ፣ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ነው። በሰባት ለሰባት ስክረሙ (ሁለቱ ወገን ተያይዘው ለኳሷ የሚገፋፉበት) ከየወገኑ ሦስት ሰው ብቻ ስለሆነ ጨዋታው ለሯጭ ያደላል፤ ከባዱና አጭሩ ልጅ ቦታ ያጣና ይተወዋል። በአሥር ለአሥር ስክረሙ አምስት ነው፤ ከፊት ሁለት ፕሮፕና በመሐላቸው ሁከር፣ ከኋላቸው ሁለት ሎክ። ወደ አሥራ አምስት ስትሸጋገሩ የሚቸግረው የፊት ረድፍ ሰው ከዚያ ይወጣል። የጉዞ ሒሳብም አለው፤ 15 ተጫዋችና ሁለት ባለሙያ በመለስተኛ አውቶቡስ ይሄዳል። ሰባት ለሰባት ብትመርጡ 12 ተጫዋች አንድ አባዱላ ልክ ይሞላና አሰልጣኙ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ በአባዱላ የሚሄድ ቡድን 10 ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ብሎ ይቁጠር።

በሦስትዮሽ ቀን አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሀ ከለ፣ ለ ከሐ፣ ሐ ከሀ ብላችሁ ስታወጡ ሁለቱ ክለቦች በተከታታይ ይጫወታሉ፤ በመሐል አንድ ጨዋታ ሙሉ የሚያርፈው አንዱ ብቻ ነው። ያንን ተራ ከሩቅ ለመጣው ስጡት፣ በጨዋታና በጨዋታ መካከልም 40 ደቂቃ አስገቡ። እንጅባራ ከባሕር ዳር 700 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ከጣና ዳር የመጣ ልጅ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያች 40 ደቂቃ እዚያ ላይ ዋጋ አላት።

የቀን መቁጠሪያውን ደግሞ ከአገሩ ኑሮ ጋር አስማሙት። ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳው ጭቃ ነው፤ ስክረም በጭቃ ላይ እግር እየከዳ ይወድቃል፣ አንገት ያለው እታች ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ከገጠር የሚመጣው ልጅ አጨዳና ውቂያ ላይ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሆነ አልጋም መኪናም አይገኝም። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚውል ተጫዋችን ታክል ውስጥ አታስገቡ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከተመገበ ወዲያ በ8 ወይም በ9 ሰዓት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ቀን በጥቅምት አጋማሽ፣ አንድ ከጥምቀት በኋላ፣ አንድ የጾም እሑድ፣ መዝጊያው ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ መጨረሻ ቢሆን ያስኬዳል።

ጮቄ

ሜዳውን እኔ ልመልስ፤ የእግር ኳስ ሜዳ ላይ መሥራት ይቻላል፣ ግን እንዳለ አይደለም።

በሕጉ የራግቢ ሜዳ ወርዱ ከ68 እስከ 70 ሜትር፣ ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር ከ94 እስከ 100 ሜትር ነው። ከእያንዳንዱ ጎል መስመር ጀርባ ደግሞ ትራይ የሚቀመጥበት ከ6 እስከ 22 ሜትር የሆነ ክልል አለ። ዝቅተኛው ጠቅላላ ርዝመት 106 ሜትር መሆኑ ነው። 105 በ68 የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ በወርድ ልክ ይገባል፣ በርዝመት አንድ ሜትር ያንሰዋል፤ በሁለቱም ጫፍ ግማሽ ግማሽ ሜትር ወጣ ማለት ይበቃዋል። ችግሩ የኳሱ ጎል ብረት ነው። እንዲህ ሲሰመር ብረቱ ትራይ የሚቀመጥበት ክልል ውስጥ ይቀራል፣ በሙሉ ፍጥነት ወርዶ የሚንሸራተት ሰው ደግሞ ቋሚውን በግንባሩ ያገኘዋል። የሚነቀል ከሆነ ንቀሉት። በሲሚንቶ የተተከለ ከሆነ ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 85 ሜትር፣ ከጀርባ 6 እና 6 ሜትር አድርጉት፤ ድምሩ 97 ይሆንና በየጫፉ እስከ ብረቱ 4 ሜትር ነጻ ቦታ ይተርፋል። ለአሥር ለአሥር አይጠብም። የልኬት ለውጥ መጽደቅ ስላለበት ደንቡ ላይ ጻፉት።

የራግቢውን ጎል በእግር ኳሱ ብረት ላይ እንጨት ቀጥሎ ለመሥራት መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው። የእግር ኳሱ ወርድ 7.32፣ ከፍታው 2.44 ነው፤ የራግቢው በቋሚዎቹ መካከል 5.6 ሜትር፣ አግዳሚው ከመሬት እስከ ላይኛው ጠርዝ 3 ሜትር፣ ቋሚው ከመሬት ቢያንስ 3.4 ሜትር። አንዱም አይገጥምም። ባህር ዛፍ በሞላበት አገር ብረት መፈለግም አያስፈልግም። አራት ቀጥ ያለ ባህር ዛፍ፣ እያንዳንዱ 8 ሜትር ቁረጡ። 1 ሜትር ከአፈር በታች፣ 3 ሜትር እስከ አግዳሚው፣ ሕጉ ያን ያህል ባያስገድድም 3.4 ከዚያ በላይ፤ 7.4 ይሆናል፣ የቀረው ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ይቆረጣል። ልጣጩን ልጡና ጥላ ውስጥ አንጋላችሁ ሁለት ሦስት ወር አድርቁት፤ እርጥቡን የተከለ ሰው በበጋው መሐል ቋሚው ተጣምሞ ልኩ 5.6 መሆኑ ይቀራል። አፈር የሚገባውን ክፍል በእሳት ለብለብ አድርጋችሁ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፤ ምስጥ የሚጀምረው ከአፈርና ከአየር መገናኛው ላይ ስለሆነ ከመሬት በላይም አንድ ስንዝር ይቀባ። ጉድጓዱን በጠጠርና በአፈር እያፈራረቁ በመደቅደቅ መሙላት ከሲሚንቶ ይሻላል፤ ሲሚንቶ ውሃ ይዞ ያበሰብሰዋል።

ለአግዳሚው ግን የውሃ ቧንቧ ብረት ይሁን። የቧንቧው ዘንግ 6 ሜትር ሆኖ ስለሚሸጥ ከ5.6 ላይ በየጫፉ 20 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ያችን ከቋሚው ጀርባ አጋድሞ በብሎን ማሰር ነው። ቋሚው ላይ ስፖንጅ በሸራ ጠቅልላችሁ እስከ ሰው ቁመት እሰሩበት፤ ከጎል መስመሩ እስከ ስፖንጁ ውጫዊ ጠርዝ ከ30 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። ድሮ ኳሷን ስፖንጁ ሥር አስነክቶ ትራይ ማግኘት ይቻል ነበር፣ አሁን በሕጉ ቀርቷል፤ ዳኞቻችሁ ይህን ይወቁ።

ሁለት አደጋ ላስጠንቅቅ። መስመሩን በኖራ አታስምሩ። በእግር ኳስ ጫማ ብቻ ስለሚነካው ብዙ አይታይም፤ በራግቢ ግን ሰው በፊቱ ይወድቅበታል። ኖራ ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን፣ ከዕንባ ጋር ሲገናኝ ዓይንን ያቃጥላል። በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ወይም ጀሶ ተጠቀሙ። ሁለተኛው ባንዲራው ነው። 14 የባንዲራ ዘንግ ያስፈልጋል፣ ቁመቱ ቢያንስ 1.20 ሜትር። አዊ አካባቢ ቀርከሃ ስላለ እሱን መውሰድ ይቀናል፤ ቀርከሃ ሲሰበር ግን እንደ ቢላዋ ተሰንጥቆ ነው። ሰው ሲወድቅበት የሚተጣጠፈው የኤሌክትሪክ ገመድ ማሳለፊያ ፕላስቲክ ቱቦ ይሁን።

ከብት የሚውልበት ሜዳ ከሆነ ጠዋት ላይ ተጫዋቾቹ ክንድ ለክንድ ተሰልፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄዱ ድንጋይና ሽቦ ይልቀሙ። ፋንድያና እበት ባለበት አፈር ላይ የተላጠ ጉልበት የመንጋጋ ቆልፍ በር ነው፤ ለምዝገባ የሚመጣ ተጫዋች የቴታነስ ክትባቱን ይዞ ይምጣ።

ጣና ዳር

ዘንገና በጻፉት አብዛኛው እስማማለሁ። የምለየው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ አሥራ አምስቱን በጣም ካራቃችሁት የፊት ረድፍ ሰው አይሠራም። በመጀመሪያው ዓመት አሥር ለአሥር፣ በሁለተኛው ዓመት መዝጊያ ቀን ላይ የሰሜን ምርጥ ከደቡብ ምርጥ አንድ የአሥራ አምስት ጨዋታ አድርጉ። አንድ ጨዋታ ብቻ። ከየምድቡ ሦስት ክለብ 23 የተዘጋጀ ሰው ካልተገኘ፣ ሊጉ ገና እንዳልደረሰ ያን ቀን ይታወቃል።

ልኩን ሕጉ ራሱ ያስቀምጣል። 23 ሰው የያዘ ቡድን 6 ለፊት ረድፍ የሠለጠነ ሰው ሊኖረው ይገባል። ከ19 እስከ 22 የያዘ 5፣ ከ16 እስከ 18 የያዘ 4፣ 15 ብቻ የያዘ 3። የፊት ረድፍ ሰው ቆስሎ የሠለጠነ ተተኪ ከታጣ ስክረሙ መገፋፋት የሌለበት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስክረም ማለት ተያይዞ መቆም ብቻ ነው። ቁመትና ክብደት ስላለው ብቻ ያልሠለጠነን ልጅ ፕሮፕ አድርጎ ማስገባት በዚህ ጨዋታ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ የሚጎዳው አንገት ነው። ሥልጠናው አንድ ለአንድ፣ ሦስት ለሦስት፣ አምስት ለአምስት እያለ ይውጣ፤ ጀርባ ቀጥ፣ አገጭ ከደረት ራቅ፣ ትከሻ ከዳሌ በታች እንዳይወርድ።

የስክረም ትእዛዝ በምን ቋንቋ ይሁን የሚለውንም ቁረጡ። ዳኛው አንድ ቀን «ዝቅ፣ ያዝ፣ ግጠም»፣ ሌላ ቀን «ክራውች፣ ባይንድ፣ ሴት» ካለ አንዱ ወገን ቀድሞ ይገባል፣ ስክረሙም ይደረመሳል። ነገ ከሌላ አካባቢ ክለብ ጋር የሚጋጠም ተጫዋች የሚሰማው የእንግሊዝኛውን ስለሆነ ከመጀመሪያው በዚያ ለምዱት። ቃሉ ሦስት ብቻ ነው፤ አማርኛም አዊኛም ለሚናገር እኩል ይቀላል።

ከታግ ወደ ታክል የሚደረገው ሽግግር ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ሁለቱም ተንበርክከው፣ ቀጥሎ አጥቂው ቆሞ ተከላካዩ ተንበርክኮ፣ ከዚያ በእርምጃ፣ በመጨረሻ በሩጫ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ጭንቅላቱን በአጥቂው ፊት ለፊት በኩል ማስገባቱ ላይ ነው፤ ጉልበት ይመታዋል። ጭንቅላት ከአጥቂው መቀመጫ ጎን፣ ጉንጭ ተለጥፎ፣ ዓይን ተከፍቶ፣ ክንዶቹ ተጠምጥመው። ከፍታውንም ደንባችሁ ላይ ዝቅ አድርጉት። ሕጉ የሚከለክለው ከትከሻ መስመር በላይ ነው፤ የእንግሊዝ ማኅበር ግን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማተር ጨዋታ ከደረት አጥንት ግርጌ በታች ብሎታል። አዲስ ውድድር ያንን ቢወስድ ተጫዋቹ ኋላ ልማድ ማፍረስ አይኖርበትም።

ጭንቅላቱን ተመትቶ የተጠረጠረ ተጫዋች ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም። «ደኅና ነኝ» ማለቱ አይሰማም። በአማተር ደረጃ ወደ ጨዋታ መመለሻው ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ ነው፤ ቴሴራውን (የተጫዋችነት መታወቂያውን) በዚያው ቀን ኮሚሽነሩ ይያዝ። ይህን በወረቀት ብቻ ከተዋችሁት በሚቀጥለው ጨዋታ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። የውድድር ቀን ሲወሰን በቅርብ ያለውን ሆስፒታል ቀድማችሁ አሳውቁ፤ ቃሬዛና የቆመ መኪና ሜዳው ዳር ከሌለ ጨዋታ አይጀመር።

ዳኛን በተመለከተ ለአንድ የሦስትዮሽ ቀን ሦስት በቂ ነው፤ አንዱ መሐል፣ ሁለቱ መስመር፣ እየተፈራረቁ። የጨዋታው ዓለም አቀፍ አስተዳዳሪ የሆነው የዓለም ራግቢ (ወርልድ ራግቢ) የሕግ፣ የጨዋታ ደኅንነትና የጭንቅላት ጉዳት ትምህርቶች በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣሉ፤ ሦስቱን ያልጨረሰ ፉጨት አይያዝ። ከየክለቡ ሁለት ሁለት ሰው አስተምራችሁ 12 ብታደርሱ፣ ማንም የራሱን ክለብ ሳይዳኝ ሁለቱም ምድብ ባንድ ቀን መካሄድ ይችላል። ለምዝገባ ክለቡ 22 ሰው ያስመዝግብ፣ ለቀኑ 15 ይምረጥ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ከአዋቂ ጋር ታክል ውስጥ አይግባ፤ ታጉን ይቀጥል።

ዳሞት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ባህር ዛፉን ዛሬውኑ እናስቆርጣለን፤ ኖራውንም ከረቂቁ ሰርዘናል። ሁለት ነገር ቀረኝ። መንገድ ተዘግቶ አንድ ቡድን ባይደርስ ፎርፌ ይባላል ወይ? ሁለተኛ፣ ከዚህ ወደ አገር አቀፍ የሚያሻግረው ደረጃ ምንድን ነው?

ሞጣ መንገድ

ፎርፌ አይባልም። ደንቡ ላይ ሦስት ነገር ለዩ። ክለቡ በራሱ ምክንያት ከቀረ፣ ፎርፌ፤ 0 ነጥብ። መንገድ ከተዘጋ ወይም ሜዳው ውሃ ካቆረ፣ መጠባበቂያ ቀን። መጠባበቂያ ቀኑም ካልተቻለ፣ 0 ለ 0 ተብሎ ለሁለቱም የአቻ ነጥብ። በ2019 እ.ኤ.አ. ጃፓን ላይ በዓለም ዋንጫው ሃጊቢስ የተባለው አውሎ ነፋስ ሦስት የምድብ ጨዋታዎች ሲያሰርዝ የተሠራው በዚሁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሁለት ነጥብ ተሰጠ። ጣሊያኖች ኒውዚላንድን የመግጠም ዕድላችን ቀረ ብለው አዘኑ፤ ግን ደንቡ ቀድሞ የተጻፈ ስለነበር ውድድሩ ሳይናጋ ቀጠለ። ለየምድቡ አንድ መጠባበቂያ እሑድ ከወዲሁ ቁረጡ። ስረዛ የሚታወጅበት ሰዓትም ይጻፍ፤ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ቢሆን መኪና ሳይነሳ ይደርሳል። ሦስተኛው ቡድን ሳይመጣ ሁለቱ ከተገኙ የእነሱ ጨዋታ ይካሄዳል፣ ይቆጠራልም።

የነጥብ እኩልነት ሲመጣ በቅደም ተከተል የእርስ በርስ ውጤት፣ የነጥብ ልዩነት፣ የትራይ ብዛት በሉ። ጨዋታ ያልተካሄደበት ክለብ ካለ ግን በነጥብ ልዩነት አትለዩት፤ ያነሰ የተጫወተው ያነሰ ዕድል ነበረው።

ጣና ዳር

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ፦ አገር አቀፍ የሚባለው ነገር ከትንሽ መጀመሩ ነውር የለውም። የፈረንሳይ ሻምፒዮና በመጋቢት 1892 እ.ኤ.አ. ሲጀመር አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ክለቦች የፓሪስ ነበሩ። ራሲንግ ክለብ ስታድ ፍራንሴን 4 ለ 3 አሸነፈ፣ ዳኛው ፒየር ደ ኩበርታን ነበር፣ ኋላ ኦሊምፒክን ያስመለሰው። ከፓሪስ ውጭ ያሉ ክለቦች የገቡት በ1899 ሲሆን በዚያው ዓመት የቦርዶው ስታድ ቦርደሌ ወሰደው። የፈረንሳይ ሻምፒዮን እስከ ዛሬ የሚያነሳው ጋሻም ከ1892ቱ ጨዋታ የመጣ ነው።

ኒውዚላንድ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች። በዓለም ከታወቁት ጠንካሮች አንዷ ብትሆንም አገር አቀፍ የክለቦች ሊግ የላትም። ክለቦች በየአውራጃቸው ይጫወታሉ፣ ከእነሱ የተመረጠ የአውራጃ ቡድን ነው ከሌላ አውራጃ ጋር የሚጋጠመው፤ ይህ ውድድር በ1976 እ.ኤ.አ. ነው በብሔራዊ ደረጃ የተዋቀረው። ኬንያ ከ1970 ጀምሮ የኬንያ ካፕ የሚባል የክለቦች ሊግ አላት፤ ዋና ዋናዎቹ ነባር ክለቦች ናይሮቢ ውስጥ ስለሆኑ ጉዞው ሳይከብዳቸው ቆሙ፣ ከናይሮቢ ውጭ ያሉ የናኩሩና የካካሜጋ ቡድኖችም ተጫውተውበታል።

የጎጃም ነገር ለእኔ ከኒውዚላንዱ ጋር ይቀርባል። ርቀቱ ሰፊ፣ ክለቡ ጥቂት ነው። ስለዚህ የስድስቱ ከተሞች አሸናፊ ከሌላ አካባቢ አሸናፊዎች ጋር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ባንድ ከተማ፣ በሁለት ቀን፣ በአሥር ለአሥር ይገናኝ። አራት አሸናፊ ከተገኘ ቅዳሜ ሁሉም ከሁሉም 6 ጨዋታ፣ እሑድ የደረጃና የፍጻሜ 2 ጨዋታ። በአሥራ አምስቱ ግን ሁለት ቀን በተከታታይ መጫወት ስለማይገባ የአገር አቀፉ ሊግ በዚያ ቅርጽ የሚመጣው ክለቦቹ በየሳምንቱ የሚጓዙበት አቅም ሲኖራቸው ነው። የአሸናፊው ክለብ ሁለት ሦስት ሰው ከሌሎቹ አምስት ክለቦች ተውሶ እንዲሄድም ፍቀዱለት፤ የተሸነፉትም ከተሞች በዚያ ውስጥ ድርሻ ይኖራቸዋል።

ጮቄ

ዳሞት፣ ባህር ዛፉን ስታስቆርጥ ባለ ሁለት ቅርንጫፉን ተወው፣ ሲደርቅ ከመገንጠያው ይሰነጠቃል።

ኳሷን ማንም አላነሳምና ልጨምር። ቁጥር 5 ኳስ ከ410 እስከ 460 ግራም፣ ርዝመቷ ከ28 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ አየሯ ከ9.5 እስከ 10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። ጎሚስታ ቤት ወስዶ መንፋት ይቀናል፤ ግን የጎሚስታው መለኪያ የተሠራው 30 እና ከዚያ በላይ ለሚይዝ ጎማ ስለሆነ እታች ቁጥሩ ላይ አይታመንም። የእጅ ፓምፕና ዝቅተኛ ቁጥር የሚያነብ መለኪያ ግዙ፤ መርፌውን ሳታርሱ አታስገቡ፣ የኳሷ ላስቲክ ይቀደዳል። ባሕር ዳር ላይ ልክ 9.5 የተነፋች ኳስ እንጅባራ ስትወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ አንድ ፒኤስአይ ያህል ጨምራ ልታነብ ትችላለች፤ ጠዋት ብርድ ሲሆን ደግሞ ከዚያው ላይ መልሳ ትቀንሳለች። ስለዚህ ባለሜዳው ሦስቱንም ኳስ ከጨዋታው 30 ደቂቃ በፊት እዚያው ሜዳው ላይ ለክቶ ለዳኛው ያስረክብ።

ዳሞት

ገባኝ። መለኪያውን በዝርዝሩ ላይ ጨምሬዋለሁ፤ ለየክለቡ አንድ አንድ፣ ስድስት።